አስተናጋጆቹ እንግዳ ሲሆኑ

ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ ባልና ሚስት ጉዞ ነው። ጦርነት የለበትም፣ ስደት የለበትም፣ ሕመምም የለበትም፤ ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ሠርተው አንድ ጊዜ ያረፉበት ጉዞ ነው። ከራሳቸው አንደበት፣ ቡና እየተጠጣ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

የሚኖሩት ከዋሽንግተን ወጣ ብላ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሱ መጀመሪያ በከተማው መሃል፣ ምድር ቤት ባለ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆም፣ ኋላም ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ እሷም የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖረች፤ ልጆች አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ዳሩ፤ አገር ቤት ላሉትም በየወሩ ላኩ። የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የእድር መዋጮ ሁሉ ከዚያችው ደመወዝ ነው የወጣው። ፈቃድ ሲወስዱም ወይ ዘመድ ለመጠየቅ ነው፣ ወይ ለቅሶ ለመድረስ ነው። ለራሳቸው ደስታ ብለው ሻንጣ የዘጉበት ቀን አልነበረም። እናንተም እንዲህ ያሉ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ምናልባት አሁን በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ተኝተው ይሆናል።

ልጆቹ ታዲያ ተማከሩና፣ ገንዘብ አዋጡና፣ የመርከብ ሽርሽርና የፍሎሪዳ መዝናኛ ፓርኮች ትኬት ገዝተው አመጡላቸው። እናት ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። የእነዚያ ፓርኮች የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነውና፣ «ይሄ ገንዘብ እኮ ስንት ልጅ ያስተምር ነበር!» አለች። ትልቋ ልጅም፣ «እማዬ፣ ያስተማራችሁት ይበቃል፤ ይሄኛው የእናንተ ነው» አለቻት። ክፍሉ ዝም አለ። አባት መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገውና፣ «በይ እንሂድ፤ ልጆቹን አናሳዝናቸው» አለ።

የተነሡት ጥምቀት አልፎ፣ ጾመ ነነዌም ሳይገባ ነው። በአውሮፕላን ሂዱ ቢባሉም እሱ መንገድ ይወዳል፤ እሷም ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሰንቃ ነበርና፣ ገና ሳይነጋ ኢንተርስቴት 95 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ደቡብ ወረዱ። ከፖርት ካናቬራል ወደብ እስኪደርሱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሪችመንድን ሲያልፉ በመንገዱ ዳር በረዶ ነበር፤ ከዚያም የካሮላይና የጥድ ደን መጣና ሰዓታት ሙሉ ግራና ቀኝ አጀባቸው፤ እሷም ከጎኑ ተቀምጣ ቆሎውን በእፍኟ እየዘገነች መዳፉ ላይ ታኖርለታለች፣ እሱም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ይቆረጥማል። ሰሜን ካሮላይና ላይ ካፖርት አወለቁ፤ ሳቫና ሲያድሩ ሹራብ አወለቁ፤ ፍሎሪዳ ሲገቡ ደግሞ መስኮቱን ዝቅ አደረጉና፣ የጥር ነፋስ ሞቅ ብሎ ፊታቸውን ሲነካው ሁለቱም ሳቁ።

ወደቡ አጠገብ፣ ከውሃው ማዶ፣ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ይታያል፤ በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈችው አፖሎ 11 የተነሣችው ከዚያ ነው። ባልየው የኬኔዲን ስም ሲያነብ ልጅነቱ መጣበት። ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ከመገደሉ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት በዋሽንግተን የእሱ እንግዳ የነበሩት ጃንሆይ፣ ኅዳር ላይ ተመልሰው ከሬሳው ኋላ በእግራቸው መሄዳቸው በሬዲዮ ሲነገር፣ በመንደሩ ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ሲመጡ ሰምቷል። እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ኬኔዲ በተገደለበት ዕለት፣ በኅዳር 22 ቀን 1963 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዋልት ዲዝኒ በመካከለኛው ፍሎሪዳ ሰማይ ላይ እየበረረ፣ ረግረጉንና የሁለቱን ትላልቅ መንገዶች መገናኛ ቁልቁል እያየ ነበር፤ ከዚያ ኒው ኦርሊንስ ሲያርፍ ነው መርዶውን የሰማው። ባልና ሚስቱ ኋላ የሚጎበኙት ቦታ የተመረጠው በዚያ ጉዞ ነው።

ሰኞ ዕለት መርከቡ ላይ ወጡ። ስለ መርከቡ ትልቅነት ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም በሥዕል አይታችሁታል። የምነግራችሁ ስለ አልጋው ነው። በማግስቱ ጠዋት ሚስት ተነሣችና እንደ ልማዷ አልጋውን አነጠፈች፤ የአንሶላውን ጥግ አጠፈች፣ ትራሱን አራገፈች፣ ፎጣውን ሰቀለች፤ ቁርስ በልተው ሲመለሱ ክፍሉን የሚያሰናዳው ፊሊፒናዊ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። «እመቤቴ፣ ያጓደልኩት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ይህ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች፤ እንግዳ ቅር ሲለው ምን እንደሚከተል ታውቃለች። እጁን ያዘችውና፣ «ልጄ፣ እኔም ይሄንኑ ሥራ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው» አለችው። ልጁ ሳቀ፤ ከዚያም ስልኩን አወጣና ብዙ ወር ሳያያት የከረመችውን ሕፃን ልጁን አሳያት። ማታ ሲመለሱ ፎጣው በዝሆን ቅርጽ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልጋውን እንደተዝረከረከ ትታው ወጣች፤ ይህን ማድረግ ከሁሉም በላይ እንደከበዳት ነግራኛለች፤ ትራሱ ሥር ግን ለልጁ ገንዘብ አኑራለች።

የመመገቢያው አዳራሽም እንዲሁ ነበር። ማታ ማታ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንዱ አስተናጋጅ ነው የሚበላው። እሷ ሳህኖቹን ደራርባ ለመነሣት ስትል አስተናጋጁ ቀስ ብሎ ይቀበላታል፤ በመጨረሻው ማታ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሌላ ሰው ሲያነሣ ተቀምጣ አየች።

ረቡዕ ናሳው ደረሱ፤ የባሃማስ ዋና ከተማ ናት። ከሰሜን ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ወርዶ ባሕሩ ሌሊቱን ሲያናውጣቸው ስላደረ፣ መሬት ሲረግጡ ደስ አላቸው። ከተማው መሃል የንግሥቲቱ ደረጃ የሚባል አለ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ጠንካራውን የኖራ ድንጋይ በእጅ መሣሪያ ፈልፍለው ያወጡት ነው፤ 66 ደረጃ ነው፤ ከሥሩ አንዱ በመንገዱ ንጣፍ ስለተሸፈነ አሁን የሚቆጠረው 65 ነው። ንግሥት የተባለችው ቪክቶሪያ ናት፤ ስሙ የፈለፈሉትን ሰዎች ግን አያነሣም። ባልየው ኮፍያውን አውልቆ ነው የወጣው። ከዚያ አራዋክ ኬይ ወደሚባለው የዓሣ መብሰያ ሰፈር ወረዱና፣ ሻጩ ከቅርፊቱ ያወጣውን ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር ሥጋ በሎሚና በቃሪያ ሲቀላቅል ቆመው አዩ፤ አልቀመሱም። ሩዙን ጠየቁ፤ አሳማ አለበት። ቀኑም ጾም ነበርና የተጠበሰ የሙዝ ዘመድ ፕላንቴን ገዝተው፣ ወደቡን እያዩ ከአንድ ወረቀት ላይ ተካፍለው በሉ።

ዓርብ ጠዋት ፖርት ካናቬራል ተመለሱ፤ ከዚያ ኦርላንዶ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ልጆቹ ለዓርብ ማታ ጠረጴዛ የያዙላቸው ሳና በሚባል ምግብ ቤት ነበር፤ በዲዝኒ የአኒማል ኪንግደም ሎጅ ውስጥ ያለ፣ የአፍሪካንና የሕንድን አበሳሰል ያዋሃደ ቤት ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ከመስኮቱ ማዶ ሣር ሜዳ አለ፤ ሜዳው ላይ ቀጭኔ ይዘዋወራል። ሚስት ለአስተናጋጇ ጾሟን አስረዳች፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። አስተናጋጇ በትኩረት ሰማችና የወጥ ቤቱን ኃላፊ ጠራች፤ እሱም ነጭ ልብሱን እንደለበሰ መጣና፣ ከዳቦዎቹ የትኞቹን ቅቤና እርጎ እንደነካቸው፣ የትኞቹን እንዳልነካቸው አንድ በአንድ ነገራት። ከዚያ ቂጣና ዳቦ ከልዩ ልዩ ማጥቀሻ ጋር መጣ፤ አንዱ የሚያቃጥል፣ አንዱ የሚጣፍጥ፣ አንዱ ኮምጠጥ የሚል። ሹካና ቢላዋው እንደተቀመጠ ቀረ። እሷ ቂጣውን ቆረሰች፣ ከሚያቃጥለው አጠቀሰች፣ ጠቀለለችና ለባሏ አጎረሰችው፤ እሱም መልሶ አጎረሳት። አጠገባቸው የተቀመጡ ወጣት ፈረንጆች አይተው ፈገግ አሉና፣ ጥቂት ቆይቶ ወንዱ ቂጣ ቆርሶ ለልጅቷ ሲያጎርሳት አዩ። እኔ ከዚህ ጉዞ ሁሉ ይቺን ማታ እመርጣለሁ።

ቅዳሜ በ1998 ወደተከፈተው አኒማል ኪንግደም ፓርክ ገቡ። የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ በሚባለው ክፍት መኪና ላይ ወጡና፣ በአፍሪካ ሜዳ አምሳል በተሠራ ስፍራ ተጓዙ፤ ግራር የሚመስሉት ብዙዎቹ ዛፎች የፍሎሪዳ ኦክ ናቸው፣ በግራር ቅርጽ ተከርክመው ነው፤ ትላልቆቹ ባኦባቦችም በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። እንስሶቹ ግን እውነተኛ ናቸው። አንኮሌ የሚባሉት የምሥራቅ አፍሪካ ከብቶች ያን ቀንዳቸውን ተሸክመው መንገዱን ሲያቋርጡ፣ ራያ የተወለደችው ሚስት ብድግ አለች። «የአባቴ ከብቶች!» አለች፤ ሹፌሯም መኪናውን አቁማ ጠበቀቻት።

ኤፕኮት የሚባለውን ሌላውን ፓርክ ባጭሩ ልለፈው። በሐይቅ ዙሪያ የ11 አገሮች ቤት ተሠርቷል፣ ምግባቸውም ይሸጣል፤ ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። ለምድር ወገብ አፍሪካ የሚሆን ታቅዶ ነበር፤ ግን ሳይሠራ ቀረ፤ በቻይናና በጀርመን መካከል ያለችው ጥቂት መደብር ብቻ ናት። ያን የሚያህል አህጉር እዚያ ቤት ማጣቱ ያሳዝነኛል፤ ዛሬም ቢሆን ቢሠራ አልረፈደም።

እሑድን ለጸሎትና ለዕረፍት ተዉት፤ ሰኞ ማጂክ ኪንግደም ወደሚባለው ፓርክ ሄዱ። መኪና የሚቆመው ከሐይቅ ወዲህ ነው፤ ወደ ፓርኩ የሚገባው በጀልባ ወይም በሞኖሬይል ነው። በጀልባ ተሻገሩ፤ 58 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣላቸው። ይህን ቦታ የጀመረው ዋልት ነው፤ ገዢው ማን እንደሆነ ከታወቀ ዋጋው ይንራልና፣ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት በሌሎች ድርጅቶች ስም በምስጢር አስገዛ። ነገር ግን አላየውም፤ በ1966 ታኅሣሥ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ሮይ ያን ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ ነበር፣ ጡረታ ሊወጣም አስቦ ነበር፤ ዕረፍቱን ትቶ የወንድሙን ሥራ ያዘ፣ ጨረሰ፣ ሕልሙ የማን እንደነበር ሰው ሁሉ እንዲያውቅ ብሎ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አሰኘው፤ በጥቅምት 1 ቀን 1971 ከፈተው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እሱም አረፈ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከጎብኚው እግር በታች የሠራተኞች መተላለፊያ ተዘርግቷል፤ ልብስ የሚለውጡት፣ ቆሻሻ የሚያነሡት፣ ዕቃ የሚያመላልሱት በዚያ ነው የሚሄዱት። የፍሎሪዳ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነውና ጠልቆ መቆፈር አልተቻለም፤ ስለዚህ መተላለፊያውን በመሬቱ ላይ ሠሩና፣ ከሐይቁ የወጣውን አፈር ከበቡበት፣ ፓርኩን ከላዩ አቆሙት። ባልየው ይህን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ያህል ዘመን ምድር ቤት መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። «አንቺ፣ ከእግራችን ሥር ሰው አለ» አላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መጥረጊያ ለያዘው፣ ትሪ ለተሸከመው፣ በር ለሚከፍተው ሁሉ ቆም እያለ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ አለፈ፤ እነሱም በፈገግታ መለሱለት። ማታ ርችቱ ሲተኮስ ትከሻዋ ላይ ነጠላዋን ደረበላትና እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ።

እናንተም ወላጆቻችሁን ለመውሰድ ካሰባችሁ፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ መልካም ነው፤ ሙቀቱ ገና አልጠነከረም፣ ከሰኔ መባቻ እስከ ኅዳር የሚዘልቀው የአውሎ ነፋስ ወራትም አልፏል። ጉልበት ለሚያመው ዊልቸር ፓርኮቹ ውስጥ ይከራያል። ጠረጴዛ ስትይዙ ጾማቸውን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ወጥ ቤቱ ይዘጋጅበታል። እነሱን ግን አስቀድማችሁ አትጠይቋቸው፤ «ለእኛ ምን ያደርጋል፣ ይቅር» ይሏችኋል። ትኬቱን ቆርጣችሁ ስጧቸው።