የእምኩሉ እንቆቅልሽ

የሥነ ጽሑፍ ታሪካችንን የሚጽፉ ሊቃውንት ከገድልና ከዜና መዋዕል ይነሡና በቅኔ በኩል አልፈው ወደ ልብ ወለድና ወደ ተውኔት ይደርሳሉ። በዚህ ረጅም ጎዳና ላይ ብዙ ጊዜ ሳይጎበኝ የሚታለፍ አንድ የመጽሐፍ ዓይነት አለ፤ እርሱም ልጆች ማንበብ የሚጀምሩበት መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል፣ ጠርዙ በእጅ እድፍ ይጠቁራል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ለታናሽ ይተላለፋል፣ በመጨረሻም የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ይጠፋል። ነገር ግን ሰው በዕድሜው ከሚያነባቸው መጻሕፍት ሁሉ እንደዚህኛው ጠልቆ የሚገባ የለም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ከእነዚህ አንዱን ነው። ከ130 ዓመታት በፊት በቀይ ባሕር አጠገብ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ ከባርነት የተረፉ ልጆች በልባቸው ይዘውት የመጡት ቃል ገጽ ላይ የሰፈረበት መጽሐፍ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጽሐፉን ክብደት ለመመዘን አስቀድሞ የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ በመጀመሪያ ሀ ሁ ሂን በዜማ ይቆጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። አቡጊዳ ብልህ ፈጠራ ነው፤ ፊደላቱ ከተለመደው ተራቸው ወጥተው አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እየተባሉ ይደባለቃሉ። ዓላማውም ልጁ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶ እንደሆነ ወይስ ዜማውን ብቻ በአፉ ይዞ እንደሆነ መፈተን ነው። ከዚያ «ሐዋርያ» ይባላል፤ የዮሐንስ መልእክት ማለት ነው። ከዚያም ወንጌሉ፣ በስተመጨረሻም ዳዊት። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ይደግሱለታል። ይህ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት አገር ያነበበበት ነውና ልናቃልለው አይገባም።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ጎድለውት ነበር። አንደኛው የሕፃኑ የራሱ ቋንቋ ነው፤ የሚነበበው ግእዝ ነበርና ልጁ እናቱ በምትጠራበት አፍ የተጻፈ አንድም መስመር ሳያይ ዳዊቱን ሊፈጽም ይችል ነበር። ሁለተኛው መጻፍ ነው። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ስለ ነበረ፣ ብራናና ቀለም፣ ብርዕና የዓመታት ልምምድ ይጠይቅ ስለ ነበረ፣ አንባቢ ሁሉ ጸሐፊ አልነበረም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ዕለት ዕለት አዲስ ቅኔ አስቦ ለመምህሩ ማቅረብ ይጠበቅበት እንደ ነበር እናውቃለን። ያ ግን ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ጥቂቶች የሚደርሱበት መዓርግ ነው። ከጀማሪው ልጅ የሚጠበቀው መቀበል ነበር፤ «አንተስ ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

እምኩሉ ከምፅዋ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኝ፣ ሙቀቷ የሚያቃጥል ሥፍራ ናት። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች ምፅዋ የደረሱት በ1866 ነበር። ልባቸው ያሰበው ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ነበር፤ ዳሩ ግን መንገዱ አልከፈት አላቸውና በባሕሩ ዳርቻ ቆዩ። እነርሱ ወደ ኦሮሞ አገር መሄድ ሲያቅታቸው፣ የኦሮሞ ልጆች በክፉ መንገድ ወደ እነርሱ መጡ። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ሕፃናት ወደ ዐረብ አገር ለመሸጥ የሚሻገሩት በዚያው ባሕር ነበርና፣ ከነጋዴ እጅ የተረፉት በእምኩሉ ትምህርት ቤት ይጠለሉ ጀመር።

ከእነዚህ አንዱ ዛሬ አናሲሞስ ነሲብ እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። ትውልዳቸው በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ኖረው፣ በ1870 ምፅዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊስ ነጻ አወጣቸው። በ1872 ተጠመቁ፤ በጥምቀትም ከጳውሎስ መልእክት የምናውቀውን የባሪያውን የአናሲሞስን ስም ወሰዱ። የቀድሞ ስማቸው ሂካ ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ ፍቺን፣ ትርጉምን ያመለክታል። የሚያስደንቀው ደግሞ ግንኙነቱ ነው፤ እንደ አማርኛው «ፈታ» ሁሉ በኦሮምኛም ያው ግሥ ቋጠሮ ይፈታበታል፣ እንቆቅልሽም ይፈታበታል፣ ቃልም ይተረጎምበታል። ሰውየው ስሙን ቢለውጥም ዕድሜውን የኖረው በቀድሞ ስሙ ትርጉም ነው።

አናሲሞስ በስቶክሆልም ተምረው ተመለሱ፤ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ደጋግመው ሞክረው መንገዱ ቢዘጋባቸው እዚያው እምኩሉ ሆነው ወደ ትርጉም ሥራ ፊታቸውን መለሱ። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ችግር ገጠማቸው። የተለዩት ከቋንቋቸው ጭምር ነበር። በልጅነቱ ከእናቱ ጉያ የተነጠቀ ሰው የሚቀረው የልጅ ቋንቋ ነው፤ ሽማግሌ የሚማከርበት፣ ሴቶች የሚያለቅሱበትና የሚያመሰግኑበት፣ ዳኛ የሚፈርድበት ቋንቋ ገና አልደረሰውም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያህል ነገር በልጅነት ትዝታ ብቻ አይተረጎምም።

መልሱ ከትምህርት ቤቱ ከራሱ ተገኘ። በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ሰዎችን ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ የምታሻግር አንዲት ጀልባ ያዙ። በውስጧ ከነበሩት መካከል አስቴር ጋኖ ይገኙ ነበር። ገና ወጣት ነበሩ፤ ወደ እምኩሉ ተወስደው ትምህርት ጀመሩ። አናሲሞስም ይህች ተማሪ ለቋንቋዋ ልዩ ስሜትና ብርቱ አእምሮ እንዳላት አስተዋሉና ሥራ ሰጧት። የመጀመሪያው ሥራ ቃላትን መሰብሰብ ነበር፤ ከዚያም የተገኘው መዝገበ ቃላት በ1893 እዚያው እምኩሉ የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ። ሌላው ሥራቸው ደግሞ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ከሁሉ የሚበልጥብን ነው። አስቴር ከኦሮሞ ሕዝብ ቃል የሚያውቁትን 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈሩ።

ቁጥሩን ቆም ብላችሁ አስቡት። ፈንጋይ ከልጅ ላይ ሁሉን ይወስዳል፤ ልብሱን፣ ስሙን፣ ዘመዱን፣ አገሩን። የገቢያው ሰው ጥርሱንና ክንዱን ይመረምራል። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሽ፣ ግን ማንም አይፈትሸውም፤ በገንዘብ አይተመንምና። ምሽት በእሳት ዳር ስትሰማው ያደገችው «ዱሪ ዱሪ» ተብሎ የሚጀመረው ተረት ከርሷ ጋር ተሸጠ፣ ከርሷ ጋር ተጫነ፣ ከርሷም ጋር ነጻ ወጣ። እርሷ ስትጽፈው፣ ያልተዘረፈው ንብረቷ እየተቆጠረ ማለት ነው። እኔ ይህን የቃል ስብስብ የማየው እንደ ቋንቋ መረጃ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ በራሷ እጅ የጻፈችው የንብረት ዝርዝር አድርጌ ጭምር ነው።

ከዚህ ስብስብ ብዙው በ1894 «ጀልቀበ በርሲሳ» በተሰኘው መጽሐፍ ታተመ። ስሙ የማስተማር መጀመሪያ እንደ ማለት ነው፤ የተዘጋጀውም ለጀማሪ አንባቢ ነበር። እንግዲህ አዲሱ ነገር ይህ ነው፤ ልጁ ፊደል የሚለይበት ገጽ ላይ ያገኘው ባዕድ ቃል አልነበረም። እናቱ ስትጠይቀው መልሱን ያወቀው እንቆቅልሽ፣ ከብት ሲጠብቅ ያዜመው ዘፈን፣ አያቱ የጨረሱለት ተረት ነበር። ተማሪው ያመጣው ቃል መማሪያ ሆኖ ወደ ተማሪው ተመለሰ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአቡጊዳው መምህር ቢኖሩ ኖሮ «ልጁ የሚያውቀውን ነገር ከሰጣችሁት አያነብም፤ ከአፉ ይወጣዋል እንጂ ዓይኑ ፊደሉን አይነካም» ባሉ ነበር። እውነት አላቸው፤ በቃል የያዙትን ማንበብ ንባብ አይደለም። ነገር ግን እንቆቅልሽ ልዩ ጠባይ አለው። መልሱን የሚያውቅ ሰው እንኳ የጥያቄው አቀራረብ አንድ ቃል ከተለወጠ ይደናቀፋል፤ ስለዚህ ቃል በቃል ይመለከተዋል። ከዚህም በላይ ልጁ ከገጹ የሚያገኘው ሌላ ትልቅ ትምህርት አለ፤ እርሱም ፊደል የእርሱን ንግግር መያዝ የሚችል መሆኑ ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ አንባቢ ቢሆን እንኳ ጸሐፊ ለመሆን ይዘገያል።

ሥራው ቀጠለ። የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1897 ተጠናቀቀ፤ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በርእሱ ገጽ ላይ የሰፈረው የአናሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ድርሻ የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት ቆይቶ፣ በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው ጎላ አድርገው ያወጡት። ይህን የምለው የአናሲሞስን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ የተማሪዋን ችሎታ አይተው ሥራ የሰጧት እርሳቸው ናቸውና። ግን በመጽሐፍ ዓለም ቃሉን ያቀበለ እጅና ስሙን የጻፈ እጅ ብዙ ጊዜ እንደሚለያዩ አንባቢ ሊያስተውል ይገባል። አስቴር ከሰበሰቧቸውም ሳይታተም የቀረ አለ።

በ1904 አናሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ወደ ወለጋ ተመለሱ። አስቴር በነጆ በተከፈተው ትምህርት ቤት መምህርት ሆኑ። ተይዛ የወጣች ልጅ፣ ቃሏን በወረቀት ላይ አድርጋ፣ ልጆች ልታስተምርበት ገባች። በታሪካችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የምርኮ መልስ ብዙ አላውቅም።

የመጽሐፉ ዕጣ ግን በዚያ አላበቃም። መጽሐፉ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከዚያ በኋላ በነበረው ረጅም ዘመን ኦሮምኛ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ ውጭ ቆየ። በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ ያኔም ፊደሉ ግእዝ ነበር። በ1991 የላቲን ፊደል ቁቤ ተብሎ ተመረጠ። በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። የፊደሉ ለውጥ የድምፅ ምክንያት ነበረው፤ ኦሮምኛ የአናባቢን እጥረትና ርዝመት፣ የተናባቢን መላላትና መጥበቅ እየለየ ትርጉም ይለውጣል፣ የግእዝ ፊደል ግን እነዚህን አያሳይም። ምርጫው ከቋንቋ ባሻገር የፖለቲካ ትርጉም እንደ ነበረውም የሚካድ አይደለም። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ ራሱ እንቆቅልሽ ሆኗል። ዛሬ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ያንን መጽሐፍ ቢገልጠው ድምፁን አውጥቶ ያነበዋል፤ አንድ ቃል ግን አይገባውም። በቁቤ የተማረ የወለጋ ልጅ ደግሞ ሌላ ሰው ቢያነብለት ተረቱ ይገባዋል፤ ራሱ ቢገልጠው ግን ፊደሉን አያውቀውም። ሁለቱ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየፈታ መጽሐፉን ሊጨርሱት ይችላሉ። ለብቻው የሚፈታው የለም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለፈውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ዛሬም የሚሰጥ አንድ የታወቀ የቤት ሥራ አለ፤ «አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤቶቻችሁን ጠይቃችሁ አንድ ተረት፣ አምስት እንቆቅልሽ፣ አሥር ምሳሌያዊ አነጋገር ጽፋችሁ አምጡ» ይባላል። እኛም ተሰጥቶን ሠርተነዋል። ልጁ ማታ አያቱን ያስቸግራል፤ አያት ሲረሱ ይተክዛሉ፣ ሲያስታውሱ ይስቃሉ። በማግሥቱ መምህሩ ከአሥር ስምንት ይሰጡና ደብተሩን ይመልሳሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ደብተር በኪሎ ተሸጦ ሱቅ ይገባል፤ ቅጠሉ እየተገነጠለ ቆሎ ይጠቀለልበታል። አያትም ያልፋሉ። ሀምሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ በአንድ ሌሊት የተሰበሰበው ቃል አስቴር ከሰበሰቡት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እዚያ መጽሐፍ የሆነው እዚህ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል።

ልዩነቱ ከልጆቹ ችሎታ አይደለም። በእምኩሉ አንድ አስተማሪ የተማሪዋ ቃል እንደሚያስፈልጋቸው ያውቁ ነበር፤ እርሳቸው የማያውቁትን እርሷ ታውቅ ነበርና። ሥራው ለነጥብ ሳይሆን ለፍላጎት የተሰጠ ነበር። ማተሚያ ቤቱም በቅርብ ነበር። ዛሬ ማተሚያ ባይኖር እንኳ ከየልጁ ደብተር የተመረጠውን አንድ ወፍራም መዝገብ ላይ በጥሩ ጽሕፈት መገልበጥ፣ ከየተረቱ ሥር የነገሩትን አያትና የጻፈውን ልጅ ስም ማስፈር፣ መዝገቡንም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የንባብ መጽሐፍ አድርጎ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ማኖር ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልጁ የሚያውቀው ነገር አለ ብሎ ማመንን ነው። ስሙንም አለመርሳትን።