ጠመንጃው ምን ይጎርሳል?

ዴንቨር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን በስልክ «ጋሼ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው» ቢለኝ ክው አልኩ።

«ምነው፣ ማን ነካህ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። ማንም አልነካውም። የኮሎራዶ ሰው ከሆነ ወዲህ አደን ለምዷል። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ፈቃድ አውጥቶ፣ ኤልክ የሚሉትን ፈረስ የሚያህል አጋዘን ፍለጋ ተራራ ይወጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ወርዶ፣ የብረት ዒላማ ተክለው ከ1000 ሜትር ላይ ይተኩሳሉ። አራት ኪሎ ቆሞ አምስት ኪሎ የተሰቀለ ሰሐን እንደ መምታት በሉት።

እኔ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ፣ ቃታ ስቤ የማላውቅ ሰው ነኝ። ቢሆንም ወግ ነውና «የትኛውን ጠመንጃ መረጥክ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም። መጀመሪያ የሚመረጠው ጥይቱ ነው። ጠመንጃው በኋላ ይመጣል።»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ። ሦስት ጥይቶች ፊቱ ቀርበው ልቡን ከፍለውታል። አንደኛዋ በ1952 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣችው 308 ዊንቸስተር ናት፤ እኛ አገር በጂ-3 የምናውቃት የ7.62 ናቶ ጥይት እኅት። በየሱቁ ትገኛለች፣ ጠባይዋ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከ800 ሜትር በላይ ሲሆን ፍጥነቷ እየከዳት ቁልቁል ትወርዳለች። ሁለተኛዋ የ1963ቷ 300 ዊንቸስተር ማግነም ናት። ሩቅ ትሄዳለች፣ ትልቅ አውሬም ትጥላለች። ታዲያ ተኳሹንም አትምረውም፤ ትከሻ ትሰብራለች፣ ባሩዷም ብዙ ዋጋዋም ውድ ነው። ሦስተኛዋ በ2007 የመጣችው 6.5 ክሪድሞር ናት። አረሯ ቀጭንና ረዥም ስለሆነ አየሩን ሰንጥቃ ትሄዳለች፤ ነፋስ ብዙ አይገፋትም፣ ትከሻም አትመታም። ለዒላማ ንግሥት ናት። ለኤልክ ሲሆን ግን፣ ከሩቅ ጉልበቷ ይሳሳል የሚሉ አዳኞች አሉ።

«ደግሞ ጋሼ፣ ጥይት ከገበያ ሲጠፋም አለ። በ2020 እና በ2021 ሱቁ ሁሉ ባዶ ሆኖ ነበር። ያኔ የተኮስኩበትን ቀለህ ለቅሜ፣ ባሩድና አረር ገዝቼ፣ ቤቴ ራሴ እሞላ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው ጆሮዬ የቆመው። ይህ ልጅ ሳያውቀው የአያቶቹን ወሬ እያወራ ነበራ! የቀድሞ ሰዎች አዲስ ጠመንጃ ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ነበር። «ምን ይጎርሳል?» ይሉ ነበር። አማርኛችን ጥይትን እንደ ጉርሻ ነው የሚያየው። ጉርሻ ካለ ደግሞ አጉራሽ አለ። የአገራችን የጠመንጃ ታሪክ ከጠመንጃው ይልቅ የአጉራሹ ታሪክ ነው ብል የማጋነን አይመስለኝም።

ይኸውላችሁ፣ ድሮ ጠመንጃ ሁሉን በል ነበር። በአፈሙዙ ባሩድ ይጨመርበታል፣ ድብልብል እርሳስ ይከተትበታል፤ እርሳስ ከጠፋ ብረትም ጠጠርም ይውጣል። ባሩዱን የኛው ሰው ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ከሚወጣ ጨው መሰል ማዕድን እየቀመመ ያዘጋጀው ነበር። የእንግሊዙ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲመጣ ግን ስናድር ይዞ መጣ። ስናድር በአፈሙዙ ሳይሆን በኋላው ነው የሚጎርሰው። ጉርሻውም አረር፣ ባሩድና መለኮሻ በአንድ ቀለህ ተጠቅልለው የተሠሩበት ጥይት ነው። ወታደሩ ቆሞ በዘንግ መጠቅጠቁ ቀረለት። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች አንድ ጊዜ ተኩሰው እስኪያጎርሱ ድረስ የስናድሩ ባለቤት ደጋግሞ ይተኩሳል። እሮጌ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር ተለወጠ። ጠመንጃ ሁሉን በል መሆኑ ቀረና የራሱን ልክ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አመለኛ ሆነ። የአንዱ ጉርሻ ለሌላው አይሆንም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ፈገግ የማሰኝበት አንድ ታሪክ ነበረኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ጥሎ ሐረር መጥቶ ነጋዴ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ፣ ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ አመጣ። ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡበት፤ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ሳይቀር ቀናንሰው ከፈሉት። ራምቦም እያማረረ ተመለሰ። ተማሪዎቼ የሚስቁት በገጣሚው ነጋዴነት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያመጣቸው ጠመንጃዎች አብዛኞቹ በአፈሙዝ የሚጎርሱ፣ አውሮፓ የጣለቻቸው ያረጁ ዕቃዎች ነበሩ። ታዲያ ለምን ተገዙ? ባሩዱም እርሳሱም እዚሁ ይገኝላቸው ነበርና ነው። ከባሕር ማዶ የሚጠብቁት መለኮሻዋን ካፕሱል ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ፉዚል ግራ» በኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ። ፈረንሳይ በ1886 ለበንን ስትታጠቅ ውጅግራዋን ገበያ አወጣችው፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደኛ ጎረፈ። የውጅግራ ጥይት የገበያ መገበያያ እስከ መሆን ደረሰች። ብር ሲመነዘር ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ጥይት ይቆጠር ነበር። ባዶ ቀለሁም ዋጋ ነበረው፤ ለምን ቢሉ፣ የኛ ሰው ቀለሁን ለቅሞ በገዛ ባሩዱና በገዛ እርሳሱ እንደገና ይሞላዋል። የእኅቴ ልጅ ዴንቨር ጋራዡ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው።

ታዲያ የውጅግራ ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛ ያጨሳል። አንድ ጊዜ ተኩሰህ «እዚህ ነኝ» ብለህ ጭስ ትሰቅላለህ። ሁለተኛ አረሩ ከባድና ዘገምተኛ ነው። 300 ሜትር እስኪደርስ ከአፈሙዙ መስመር ከ3 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ተኳሹ ርቀቱን 50 ሜትር ብቻ ተሳስቶ ቢገምት ወይ ከሚዳቋዋ በላይ ያልፋል፣ ወይ ከእግሯ ሥር አፈር ያቦናል።

ሁለቱንም ችግር የፈታው ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1884 እ.ኤ.አ. የቀመመው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ለበን ይህን ባሩድ የጎረሰ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ ሆነ። ጉልበቱ ስለበዛ አረሩን ማቅጠን ተቻለ፤ 11 ሚሊ ሜትር የነበረው 8 ሆነ፣ ከዚያም 7 እና 6.5። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመኖች አረሩን ጫፉ የሾለ ሲያደርጉት ፍጥነቱ በሰከንድ 880 ሜትር ገደማ ደረሰ። በ300 ሜትር ላይ የሚወርደው እንግዲህ ከ1 ሜትር በታች ነው። የሩቅ ዒላማ ተኩስ፣ የእኅቴ ልጅ የቅዳሜ ጨዋታ፣ የተወለደው ያኔ ነው።

ዳሩ ግን ይህን ባሩድ ጓሮ አትቀምመውም። ፋብሪካ ይፈልጋል፣ አሲድ ይፈልጋል፣ ኬሚስት ይፈልጋል። አሮጌውን ጥቁር ባሩድ ለበን ውስጥ ብትጨምር ዓላማው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ አያቶቻችን የገጠማቸው ምርጫ ይህ ነበር። ቅርብ የሚመታ፣ የሚያጨስ፣ ግን ቤት ውስጥ የሚሞላ ጥይት አለ። ሩቅ የሚመታ፣ የማያጨስ፣ ግን የባሕሩን በር ከያዘ ሰው እጅ ብቻ የሚገኝ ጥይትም አለ። ጥይቱ በራቀ ቁጥር ባለ ጠመንጃው ለአጉራሹ እየቀረበ ሄደ።

ምኒልክ ይህን ጠንቅቀው ያወቁ ይመስለኛል። ከአንድ አጉራሽ እጅ ብቻ አልበሉም፤ ከፈረንሳይም፣ ከጣልያንም፣ ከሩሲያም ወሰዱ። በ1885 ዓ.ም. የጣልያን መንግሥት ወዳጅነቱን ለማጽናት ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከላቸው። ጥይቱን ተረክበው፣ በዚያው ሰሞን የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ። ያጎረሰ እጁን ተነከሰ የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው! በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደግሞ ጣልያን አዲሱ ባለ 6.5 ካርካኖ እያለው፣ አብዛኛውን ወታደሩን ያሰለፈው አሮጌውን ቬተርሊ አሸክሞ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ምን መሰላችሁ? የተከማቸው አሮጌ ጥይት ማለቅ ነበረበት። የጥይት ምርጫ ያስቸገረው እኛን ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ከዓድዋ በኋላ አጉራሾቹ ተማከሩ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ፣ በዚያው ቀን የጦር መሣሪያ ንግዱን ስለ መቆጣጠርም ተፈራረሙ። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ወረራው አፍጦ ሲመጣ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጣልያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ መሸጥ አቆሙ። ለሁለቱም እኩል መሆኑ ነው። ጣልያን ጥይቱን በገዛ ፋብሪካው ያመርታል፤ እኛ ደግሞ እንገዛለን። ለእኛ እኩልነቱ ጉሮሮ መታነቅ ነበር። የኛ ዘማች ቤልጅግ የያዘው ከቤልጅግ፣ ለበን የያዘው ከለበን፣ የአያቱን ውጅግራ የያዘው ከውጅግራ ጋር ተሰልፎ ወረደ። አንድ ሰው ዝናሩ ሲራቆት ከጎኑ የወደቀ ጓደኛው ዝናር ሙሉ ሆኖ ሳለ ሊያነሣው አይችልም። ጉርሻው አይገጥምም።

የእናቴ አባት ከዚያ ዘማች አንዱ ነበር። ወደ ጫካ ሲገባ የያዘው ቤልጅግ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ የሚቀናበት፣ ከሩቅ የሚመታ። ዓመት ሳይሞላው ጥይቱ አለቀ። እናቴ እንደምትነግረን፣ ቤልጅጉን በጨርቅ ጠቅልሎ ጎተራ ሥር ቀበረውና የማረከውን የጣልያን ካርካኖ አነገተ። ሰዎች «ምነው እንዲህ ያለ ጠመንጃ ጥለህ?» ቢሉት «የዚህን ስንቁን ጠላት ራሱ ያመጣልኛል» አለ ይባላል። አምስቱን ዓመት በዚያ ዘለቀ። የርቀት መምታቱን ነገር ደግሞ በእግሩ ፈታው፤ ጥይት የሌለው ሰው ካልቀረበ አይተኩስም።

ይህን ለእኅቴ ልጅ ስነግረው ጮኸ። «እንዴ ጋሼ! አያቴም 6.5 ነው የመረጠው ማለት ነው!»

በስም ይመሳሰላሉ እንጂ የካርካኖዋ አረር ከእርሱ ክሪድሞር ጥቂት ትወፍራለች፣ ጫፏም ድቡልቡል ናት፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ቢሆንም ደስታውን ልነጥቀው አልፈለግሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ኤልኩን ከስንት ሜትር ነው የምትተኩስበት?»

«ዒላማውን እስከ 1000 እመታለሁ። ኤልክ ግን… ከ300 ካለፈ እፈራለሁ። አቁስዬው ገደል ገብቶ ቢሞትብኝስ? እንስሳ እንደ ብረት ቆሞ አይጠብቅም።»

ይህን በመስማቴ ደስ አለኝ። ካራሞጆ ቤል የሚባል ስኮትላንዳዊ የዝሆን አዳኝ ነበር፤ እስከኛው ጊሎ ወንዝ ድረስ መጥቶ አድኗል። ሌሎቹ መድፍ የሚያህል ጠመንጃ ሲሸከሙ እሱ አብዛኛውን ዝሆኑን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር የማውዘር ጥይት ነው። በሕይወቱ ከ1000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ ዛሬ ያንን በሐዘን እንጂ በፉከራ የምናወራው አይደለም። ምስጢሩ ግን ጥይቱ ላይ ብቻ አልነበረም። የዝሆኑን ራስ ቅል አጥንት አጥንቶ፣ ቀርቦ፣ ቦታውን አውቆ ነበር የሚተኩሰው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ደወለ።

«ወሰንክ?» አልኩት።

«308 ገዛሁ። ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ሁለት ሳጥን ቀለህና መሙያ ዕቃውን ሰጠኝ። ሁሉ ቢጠፋ እንኳ እሷን አጎርሳታለሁ። ለ300 ሜትር ደግሞ ከበቂ በላይ ናት።»

«ዒላማውስ? ሺህ ሜትሩ?»

«እሱን በጓደኛዬ ክሪድሞር እሞክራለሁ» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ስዘጋ የእናቴን ሣጥን ከፈትኩ። ቤልጅጉ ከነፃነት በኋላ ከተቀበረበት ወጥቶ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ተወሰደ። ካርካኖው የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። የቀረን አንድ የውጅግራ ቀለህ ነው። አያቴ ከአባቱ የወረሰው፣ ስንት ጊዜ እንደ ተሞላና እንደ ተተኮሰ እግዜር ይወቅ። አፉ ተጣሟል፣ ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍ በመፋቅ ብዛት ጠፍቷል። እናቴ የኩል ማስቀመጫ አድርጋው ኖራለች፤ ውስጡ ዛሬም ጥቁር ነው። ፎቶ አንሥቼ ለእኅቴ ልጅ ላክሁለት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አሁንም ይሞላል» ብሎ መለሰልኝ።