አስመሳይ ከረጢት፦ ካንሰር የሚመስለው የቆሽት ቋጠሮ

ሸዋ ሮቢት ላይ ከእምብርት በላይ የተነሣ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በድንገት ጀምሮ ወደ ጀርባ ዘልቆ የሚወጋ፣ ትውከት የሚያስከትል፣ በጀርባ መተኛት የሚከለክልና ጎንበስ ሲሉ ጋብ የሚል ከሆነ ግን ቆሽትን መጠርጠር ያስፈልጋል። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» የሚለው ይኸው ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው አካል ነው። ቆሽትን በድንገት ከሚያስቆጡት ዋነኞቹ የሐሞት ጠጠርና መጠጥ ናቸው፤ ወስፋት በሚበዛበት አገር ትሉ ቱቦው ውስጥ ገብቶም ያስቆጣዋል።

ቆሽት ሲቆጣ ምግብ የሚፈጨው ፈሳሹ አፈትልኮ ዙሪያውን ይጠራቀማል። አብዛኛውን ፈሳሽ ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። ከአራት ሳምንት በላይ የቆየው ፈሳሽ ግን ዙሪያውን ግድግዳ ያበጃል፤ ሐኪሞች «ሱዶሲስት» ይሉታል። እኔ «አስመሳይ ከረጢት» እለዋለሁ። እውነተኛ ከረጢት የራሱ የውስጥ ሽፋን አለው፤ የዚህ ግድግዳ ግን አጎራባቹ ሥጋ ተቆጥቶ የሠራው ጠባሳ ነው። «ሐሰተኛ» ያላልኩት ታማሚው በሽታህ ውሸት ነው የተባለ እንዳይመስለው ነው።

አልትራሳውንድ ላይ ንጹሕ ፈሳሽ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል። ደም ወይም የሞተ ሥጋ ሲቀላቀልበት ግን ይዥጎረጎርና ዕጢ ይመስላል። ያበጠ የቆሽት ራስም የሐሞት ቱቦን ተጭኖ ዓይንን ቢጫ ሲያደርግ ከካንሰር ለመለየት ያስቸግራል። ሲቲ ስካን ፍለጋ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የደረሰ ታማሚ የመጀመሪያውን ፊልምና የሕክምና ወረቀት ይዞ መሄድ ያለበት ለዚህ ነው። ማዘዣው ላይ «ከስድስት ሳምንት በፊት በቆሽት መቆጣት ተኝቶ ታክሟል» የሚል አንድ መስመር ካልተጻፈ፣ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም የሚያየው እብጠት ብቻ ነው። ከሕመሙ በፊት ንጹሕ የነበረ ቆሽት ዛሬ ከረጢት ቢያሳይ የካንሰር ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ከረጢቱ ቀድሞም ከነበረ ይጨምራል። በዚህም ካልተለየ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል፦ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም በብዛት ከተገኘበት ወደ አስመሳዩ ያመለክታል፤ ሲኢኤ የተባለው ፕሮቲን ከፍ ካለ ደግሞ ንፍጥ አመንጪ ዕጢ ይጠረጠራል።

ነገሩ ተገላቢጦሽም አለው። ካንሰር ራሱ ቱቦውን ዘግቶ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ጠጠርም መጠጥም የሌለበት ሰው ቆሽቱ ከተቆጣ ሕመሙ ቢተወውም ምርመራው መቀጠል አለበት። የማያሳምም አስመሳይ ከረጢት በክትትል ብቻ ብዙ ጊዜ ይከስማል፤ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ደም ማስታወክ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል መሄድ ነው።