ቶኒ ግዊን
ቶኒ ግዊን (እ.ኤ.አ. 1960–2014) በሎስ አንጀለስ ተወልዶ፣ በሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤዝቦልንና ቅርጫት ኳስን አጣምሮ ከተጫወተ በኋላ፣ ከ1982 እስከ 2001 ለሳንዲያጎ ፓድሬስ የቤዝቦል ቡድን ብቻ በሜዳው ዳርቻ ኳስ ጠባቂነት የተሰለፈ፣ በብሔራዊ ሊግም ስምንት ጊዜ የመቺዎችን አክሊል የተቀዳጀ አሜሪካዊ ነው። ጥበቡ የተገኘው በጉልበት ሳይሆን፣ የገዛ ምቱን በቪዲዮ እያስቀረጸ፣ መጽሐፍ እንደሚመረምር ደብተራ ደጋግሞ በመመልከት ነበር። በ1994 የመምታት አማካዩ 0.394 ደርሶ፣ ከ1941 ወዲህ ማንም ያልደረሰበትን 0.400 ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ የተጫዋቾች አድማ የውድድሩን ዘመን በነሐሴ ቈረጠበት፤ እጅግ የሚያስቈጭ ነገር ነው። 3,141 ምት አስመዝግቦ ከተሰናበተ በኋላ፣ ሌላው ዝነኛ ዕረፍትን በመረጠ ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ከ2003 ውድድር ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ ኳስ ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የቤዝቦል ሜዳ በስሙ ይጠራል።