እማሆይ ገላነሽ እና የእኛ ቃለ ጉባኤ



ሰበታን የሚያውቅ ሰው የደናግል ገዳሟንና የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷን ያውቃል። እኔ በሁለቱም በር ባለፍኩ ቁጥር የሰበታ ሰው ያልነበሩ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። መነኩሲት ነበሩ፣ ዓይነ ስውር ነበሩ፣ የቅኔ መምህርት ነበሩ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይባላሉ።

እማሆይ ገላነሽ የጎጃም ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ትምህርቱን በጆሯቸው ከእርሳቸው ቀሰሙ፤ በኋላም ጽላሎ ላይ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ።

ቅኔ በግእዝ የሚደረስ መንፈሳዊ ግጥም ነው። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ እያንዳንዱ የራሱ ልክና ዜማ አለው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ውስጡ የተሰወረው ምስጢር። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ሲያስብ «ቅኔ ይቆጥራል» ይባላል። (ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ፣ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደስ ብሎኛል።) የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ይህ ሁሉ በቃል ስለሚሆን ለእማሆይ ዓይን ማጣት እንቅፋት አልሆነም። እንቅፋቱ ሌላ ነበር፤ በማኅሌት ቆሞ ቅኔ የሚያቀርበው በልማድ ወንድ ነው። ሴት አስተምራ ወንዱ ይቀኛል።

ከዚያ የከበደው ደግሞ የቅኔ ጠባይ ነው። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፤ በየጊዜው አዲስ ይፈለጋል። የሰማ ሰው ካልያዘው እዚያው ይቀራል። የእማሆይ ቅኔዎች ለእኛ የተረፉት የሰሟቸው ሰዎች ስለያዟቸው ነው።

ይህን ሳነብ የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ አውጥቼ አየሁ። ስብሰባችንን በምርቃት የሚከፍቱልን እናት አሉ። ፊደል አልቆጠሩም። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ ቃላቸው ቤት ይመታል፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም «አሜን» ትላለች። እኔ ግን በየወሩ የጻፍኩት «ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ» ብቻ ነው። የቁጠባውን ሒሳብ እስከ ሳንቲም ይዣለሁ፣ ከእርሳቸው ግን አንድ ቃል የለኝም።

ባለፈው ወር ፈቅደው በስልክ እንድቀዳቸው ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «የትናንቱ ምን ያደርግልሻል ልጄ፣ እርሱ ለነገው ሌላ ይሰጣል» አሉ። ኋላ ግን ፈቀዱ።

ለዚህ የሚሆን ደብተር ገዝቻለሁ። ማርያምን ሲለማመኑ፣ ዱዓ ሲያደርጉ፣ አቴቴ ላይ ሲያዜሙ የሰማችኋቸው እናቶችና አያቶች ያሏችሁ፣ የምታስታውሱትን ይዛችሁ ኑ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ እንደተባለው እንጽፈዋለን። የተናጋሪዋን ስም ግን እንዳትረሱ።