የሚጥል በሽታ መድኃኒትና ከልክ ያለፈ የድድ ዕድገት

የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን ከትምህርት ገበታ እንዳይለይ ከረዱት መድኃኒቶች አንዱ ፌኒቶይን ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ብሮማይድና ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የታወቀው ፌኖባርቢታል መንፈራገጡን ቢቀንሱም አእምሮን ያደነዝዙ ስለ ነበር፣ ተማሪው ክፍል ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ትምህርቱን መከታተል ይሳነው ነበር። በ1938 ሂውስተን ሜሪትና ትሬሲ ፑትናም የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች፣ አስቀድመው በድመቶች ላይ ከፈተኑት በኋላ፣ ፌኒቶይን ሳያስተኛ መንፈራገጥን እንደሚገታ አስታወቁ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1939 ኪምቦል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ መድኃኒቱን ከሚወስዱ 119 ሕሙማን መካከል 57 ከመቶ የሚሆኑት ድዳቸው ከልክ በላይ ማደጉን ገለጸ። ድዱ በመጀመሪያ በጥርሶች መካከል ያብጣል፤ ቀጥሎም በተለይ የፊት ጥርሶችን እየሸፈነ ይሄዳል። ይደማል፤ ማኘክንም ያውካል፤ የአፍ ሽታንም ያስከትላል። ለአንድ ታዳጊ ተማሪ ይህ ከበሽታው ያላነሰ መሸማቀቂያ ነው።

በመጀመሪያ የቪታሚን ሲ እጥረት ተጠርጥሮ ነበር፤ አልጸናም። ኋላ እንደ ታወቀው፣ በጥርስ ሥር የሚጠራቀመው ቆሻሻ ድዱን እያስቆጣ የመድኃኒቱን ጉዳት ያባብሳል። ጉዳዩ ለአንድ ሞያ ብቻ የማይተው የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የጥርስ ሐኪሙ ትርፉን ሥጋ ቆርጦ ቢያነሣ፣ መድኃኒቱ ሲቀጥልና ንጽሕናው ሲጓደል ተመልሶ ያድጋል። መድኃኒቱን መለወጥ ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ ሥልጣን ነው፤ ወላጅ በገዛ ፈቃዱ በድንገት ቢያስቆመው ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ጥርስ ይጠረጋል፤ ሕፃኑና ወላጁ የጥርስ አቦራረሽ ይማራሉ፤ ከተቻለም መድኃኒቱ ቀስ በቀስ በሌላ ይተካል። ቀዶ ሕክምና ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ አንዳንዴም ሳያስፈልግ ይቀራል።

በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የተባለው የኩላሊት ተከላ መድኃኒትና ለደም ግፊት የሚሰጠው ኒፈዲፒን ያንኑ የድድ ዕድገት በማስከተላቸው፣ ምክክሩ የኩላሊትና የልብ ሐኪሞችንም ጨመረ።

ፌኒቶይን ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። እብጠቱ ብዙውን ጊዜ መታየት የሚጀምረው መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ የትምህርት መንፈቅ ያነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ተማሪውን በየዕለቱ የሚያየው ሐኪሙ ሳይሆን መምህሩ ነው።