ራስ ጉግሣ ወሌ፦ በዝምድና የቆመ የፖለቲካ ሕይወትና የአንቺም ጦርነት ትርጉም

(በሐሙሲት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ብዙም በማትርቀው በደብረ ታቦር ተቀምጠው ቤጌምድርን ስላስተዳደሩ አንድ የፖለቲካ ሰው ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ በታሪክ ንባባችን ውስጥ ጎልተው የሚታዩት በአንድ ቀን ብቻ ነው፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦር ሜዳ በወደቁበት ዕለት። ከዚያ ቀን በፊት የነበሩት ሠላሳ የፖለቲካ ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። የእኔ ሐሳብ የአንቺምን ጦርነት በሚገባ ለመረዳት እነዚያን ሠላሳ ዓመታት መመልከት ያስፈልጋል የሚል ነው።

አስቀድመን ስሞችን እንለይ፤ ተማሪዎች በዚህ ሲቸገሩ ይታያልና። ደብረ ታቦርን የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰው ናቸው። ራስ ጉግሣ አርአያ ደግሞ የትግራይ መስፍን፣ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ናቸው። የዛሬው ባለ ታሪካችን ራስ ጉግሣ ወሌ የየጁው ገዥ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የወንድም ልጅ ናቸው። የተወለዱትም በ1860ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው።

የእኒህን ሰው የፖለቲካ ዕድገት የከፈተው ይህ የአክስትና የወንድም ልጅ ዝምድና ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፖለቲካ በጋብቻ ይጠናከር ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ይህን መንገድ በብልሃት ይጠቀሙበት ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጉግሣ የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አገቡ። በአንድ ጋብቻ የየጁና የቤጌምድር መኳንንት ከሸዋ ዘውድ ጋር ተሳሰሩ። በንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዓመታትም ራስ ጉግሣ ቤጌምድርን ያስተዳድሩ ነበር።

በዝምድና የመጣ ሥልጣን ግን የዘመድን ዕድል ይከተላል። ዐፄ ምኒልክ በሕመም ከሥራ ሲርቁ እቴጌ ጣይቱ መንግሥቱን ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው ያዙ፤ መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ከሥልጣን አስወገዷቸው። የእቴጌይቱ መውደቅ ለወንድማቸው ልጅም ተረፈ። ራስ ጉግሣ ለፍርድ ቀርበው ታሰሩ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ወይዘሮ ዘውዲቱም ከአዲስ አበባ ርቀው በፋሌ እንዲቀመጡ ተደረገ።

ሁለተኛው መታጠፊያ የመጣው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ነው። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ደግሞ በራስነት ማዕርግ አልጋ ወራሽ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ባል ወደ ሚስቱ ዙፋን ይቀርባል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስላል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የሸዋ መኳንንት የእቴጌ ጣይቱ ወገን በራስ ጉግሣ በኩል ተመልሶ ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ሰጉ። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከባላቸው እንዲለያዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም ወደ ቤጌምድር ተላኩ። ጋብቻው መጀመሪያ ወደ ላይ አወጣቸው፤ አሁን ያው ጋብቻ ከማእከሉ የሚያርቃቸው ምክንያት ሆነ።

ራስ ጉግሣ በደብረ ታቦር ያሳለፏቸው የሚቀጥሉት ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። መጽሐፍ ወዳድና ለሃይማኖት ትምህርት የሚያደሉ ሰው መሆናቸው ይነገርላቸዋል። አዲስ አበባ ግን በዚያው ጊዜ በፍጥነት ትለወጥ ነበር። ራስ ተፈሪ ሚኒስቴሮችን፣ ትምህርት ቤትን፣ ማተሚያ ቤትንና የውጭ ግንኙነትን በእጃቸው አሰባሰቡ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ጣና ግድብ ከአንድ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ከዚህ ከሐሙሲት አካባቢ ሆነን ስናየው ይህ ድርድር ብዙ ይነግረናል፤ የቤጌምድርና የጎጃም ዳርቻ የሆነው ውኃ ጉዳይ የሚወሰነው ከእንግዲህ በደብረ ታቦር ወይም በደብረ ማርቆስ ሳይሆን በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ጦር ይዘው አዲስ አበባ ቢመጡም ሠራዊታቸው በዘዴ ተበተነባቸው። ከወራት በኋላ የንግሥቲቱ ወገኖች በቤተ መንግሥት ውስጥ ያደረጉት ሙከራም ከሸፈ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። በ1909 ዓ.ም. የተደረገው ስምምነት ሥልጣንን በዘውዱና በአልጋ ወራሹ መካከል የከፈለ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ይህ ሚዛን ፈረሰ፤ ንግሥቲቱ በስም ብቻ ቀሩ። ከዚህ አንጻር የራስ ጉግሣ ቅሬታ የአንድ ባል ቁጣ ብቻ ሳይሆን፣ የተስማሙበት የሥልጣን ክፍፍል ተጣሰ የሚል የፖለቲካ አቤቱታም ነበር። «ወግ አጥባቂ ዐማፂ» የሚለው ቅጽል ይህን ገጽታ ይሸፍንብናል።

ለግጭቱ የቅርብ መነሻ የሆነው በራያና በአዘቦ የተነሣው ዐመፅ ነው። ራስ ጉግሣ ዐመፁን ለማጥፋት እንዲዘምቱ ታዘዙ። ትእዛዙን በመፈጸም ፈንታ አመነቱ፤ ከዐመፀኞቹ ጋር ተስማምተዋል ተብለውም ተከሰሱ። በመጨረሻም በግልጽ ሸፈቱ። የጎጃሙ ራስ ኃይሉና የትግራዩ ራስ ሥዩም ይተባበሩኛል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ሁለቱም አልተነሡም። ከቤጌምድርና ከስሜን መኳንንት መካከልም እንደ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ያሉት ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ቆሙ። የየጠቅላይ ግዛቱ መሳፍንት ቅሬታ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ አንዱ ለሌላው የሚቆምበት ድርጅት አልነበራቸውም።

የአዲስ አበባን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። ከሠራዊቱ ጋር በኢትዮጵያ ምድር አዲስ የነበረ መሣሪያ መጣ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር፤ ወራት ብቻ ቆይቶ አውሮፕላን በቤጌምድር ሠራዊት ላይ ታየ። መጀመሪያ የወረደው ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ራስ ጉግሣን ዐማፂ የሚል ዐዋጅና በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ቄርሎስ ስም የወጣ የውግዘት ቃል ይዞ ነበር። ለንግሥቲቱና ለሃይማኖቱ ቆሜያለሁ ብሎ የመጣ ወታደር በንግሥቲቱ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያኑ ስም መወገዙን ሲሰማ፣ ምን ላይ ቆሞ ይዋጋል? ብዙዎቹ ከጦርነቱ በፊት ወደየቤታቸው ተበተኑ። ቦምቡ ቀጥሎ መጣ። ጦርነቱ በቤጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ በአንቺም ተደርጎ በዚያው ዕለት አለቀ፤ ራስ ጉግሣም በውጊያው ሞቱ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዐረፉ። የሁለቱ ሞት መቀራረብ ብዙ ወሬ ወልዷል፤ በሐዘን ሞቱ የሚልም፣ ተመረዙ የሚልም አለ። ንግሥቲቱ ግን ቀደም ብሎ ታመው ነበር። ሁለት ክስተቶች በጊዜ ስለ ተቀራረቡ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት እንደማይቻል ለታሪክ ተማሪ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሆነ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም ዘውዱን በአንድ የትውልድ መስመር አጸና። ቤጌምድር ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? እንደ እኔ አመለካከት ራስ ጉግሣ የተሸነፉት በአውሮፕላን ብቻ አይደለም። የሥልጣናቸው መሠረት አክስትና ሚስት ነበሩ፤ ዘመኑ ግን ሥልጣንን ወደ ሚኒስቴር፣ ወደ ገንዘብ፣ ወደ ማተሚያና ወደ ውጭ ግንኙነት እያዛወረው ነበር። በሌላ በኩል አሸናፊው ወገንም ያልመለሰው ጥያቄ ቀረ። አንድ ጠቅላይ ግዛት በማእከላዊው መንግሥት ውሳኔ ቅር ሲለው፣ ሳይሸፍት ድምፁን የሚያሰማበት መንገድ የቱ ነው? በአንቺም የተዘጋው ሰውየው ነው እንጂ ጥያቄው አልተዘጋም። መሣሪያውም ቢሆን ከአንዱ ወገን ጋር ለዘለቄታው አልቆመም። የአንቺም ድል አድራጊ ራስ ሙሉጌታ በ1928 ዓ.ም. በአምባ አራዶም የጣሊያን አውሮፕላኖች ድብደባ ሲወርድባቸው ተሸንፈው በሽሽት ላይ ሞተዋል።

ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ላመልክት። ስለዚህ ዘመን የተጻፈው አብዛኛው የአሸናፊውን ወገን መዝገብና የውጭ ቆንስላዎችን ዘገባ የተከተለ ነው። በጋይንት፣ በፎገራ፣ በደራና በደብረ ታቦር ዙሪያ ከቤተ ሰብ ወደ ቤተ ሰብ የተላለፈ ትውስታ፣ በአብያተ ክርስቲያናት የተቀመጠ የመሬትና የስጦታ ጽሑፍ ግን በሚገባ አልተሰበሰበም። የዘመቱት ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ከእነርሱ በቀጥታ የሰሙትም እያለፉ ነው። ስትሰበስቡ ራስ ጉግሣን ጀግና ለማድረግም ሆነ ለመውቀስ አትሂዱ። ገበሬው ለምን እንደ ዘመተና ለምን ጥሎ እንደ ተመለሰ ጠይቁ። የዚያ ታሪክ ባለቤት እርሱም ነውና።